ለማን ሲባል ይጠበቃል?

ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን አንዱ በምሥራቅ፣ ሌላው በምዕራብ አቋርጠው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። የከተማይቱን ጉድፍ ተሸክመው፣ በአቃቂ ቃሊቲ የባቡር ሐዲዱን ተከትለው በሰፈሩት ፋብሪካዎች አጠገብ አልፈው፣ አባ ሳሙኤል በተባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ ይገናኛሉ። ግድቡ የተሠራው ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን ለኢትዮጵያ በዓይነቱ ቀዳሚ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላም በቻይና መንግሥት እርዳታ ታድሷል። ስለ ግድቡ በየጊዜው ተነግሯል፣ ተጽፏልም። ስለ ሐይቁ እንግዶች ግን የሚናገር ጥቂት ነው።

እንግዶቹ ወፎች ናቸው። የሰሜን አውሮፓና የሳይቤሪያ ረግረግ በበረዶ ሲቆለፍ፣ ከዚያ የተነሡ የዱር ዳክዬዎች፣ በጭቃ ውስጥ እየነቀሱ የሚመገቡ ባለ ረጅም እግር ወፎችና ቁመተ ረጃጅሞቹ ግራጫ ወፎች ባሕርና በረሃ አቋርጠው ወደ ደጋው ይመጣሉ። በመስከረምና በጥቅምት ደርሰው በጋውን ከአገሬው ወፎች ጋር በአቃቂ ሜዳና በአባ ሳሙኤል ዳርቻ ያሳልፋሉ። ስለ ወፎች የሚያጠኑ ባለሙያዎች ይህን ረግረግ ለወፎች ሕይወት እጅግ አስፈላጊ ከሆኑት የኢትዮጵያ ሥፍራዎች ተርታ መዝግበውታል። መመዝገቡ ግን ውሃውን አላጠራውም። ከቆዳ ፋብሪካ፣ ከመኖሪያ ቤትና ከሽንት ቤት የሚወጣው ፍሳሽ በብዛት ሳይጣራ ይገባበታል፤ እምቦጭም ሰፍሮበታል። በወንዙ ዳርና ዳር ቆስጣና ሰላጣ የሚያለማው አትክልተኛ በዚሁ ውሃ ያጠጣል፤ ከተሜውም በዚሁ ውሃ የበቀለውን ይበላል።

ከአቃቂ ተነሥቶ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን የተጓዘ ሰው ደባርቅ ይደርሳል። እዚያ ነገሩ ሌላ ነው። ጎብኚው ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከመግባቱ በፊት ስሙን ያስመዘግባል፣ ይከፍላል፣ መሣሪያ የታጠቀ ጠባቂ ይመደብለታል፤ በሳንቃ በር፣ በግጭና በጨነቅ ከተወሰነለት ሥፍራ ያድራል። ዋልያን ለማየት የሚመጣ ሰው ዋልያን እንዳይጎዳ ብዙ ታስቦበታል። የአቃቂን ወፍ ለማየት የሚመጣው ሰው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ለወፉም ሆነ ለውሃው የታሰበው ጥቂት ነው። እንግዲህ ጥያቄው ከዚህ ላይ ይነሣል፤ ለመሆኑ አንድ ፍጡር መጠበቅ የሚገባው የሚያየው ሰው ስላለ ነውን?

ይህን ጥያቄ በንቀት የሚመለከት ወገን አለ። የእሱ ክርክር እንደሚከተለው ነው፦ ድኻ አገር ለዱር እንስሳ የሚያወጣው ትርፍ ገንዘብ የለውም፤ እንስሳው ራሱን በራሱ ያስተዳድር፤ ጎብኚ ይምጣ፣ ከጎብኚው የሚገኘው ገንዘብ ለጠባቂው ደመወዝ፣ ለበቅሎ አከራዩ፣ ለመንገድ መሪውና ለምግብ አብሳዪቱ እንጀራ ይሁን፤ ያን ጊዜ የደባርቅ ሰው ዋልያን እንደ ጥማድ በሬው ይጠብቀዋል። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ከደባርቅ ወደ ጨነቅ በቅሎ ጭኖ ልጆቹን ያስተማረ ሰው ቆሞ ይመሰክርለታል። የጎብኚ ገንዘብ ባይኖር ኖሮ ፓርኩ ዛሬ በስም እንኳ ይኖር እንደ ነበር መናገር ያስቸግራል።

ክርክሩ የሚሰነጠቀው ጎብኚው የቀረ ዕለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ ቀጥሎ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ጦርነት ተነሣ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ተቀሰቀሰ። ጎብኚው ቀረ። በቅሎው ያለ ሥራ ቆመ፣ መንገድ መሪውም ወደ ሌላ ኑሮ ተበተነ። በእነዚሁ ዓመታት የዋልያው ቁጥር እንደገና በእጅጉ ማሽቆልቆሉ ተገልጿል። ዋልያ በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በቀር ሌላ መኖሪያ የለውም። ስለ ገቢው ሲባል የተጠበቀ እንስሳ ገቢው ሲነጥፍ ጠባቂ ምክንያቱም አብሮ ይነጥፋል፤ እንስሳው ግን ያው እንስሳ ነው፤ ጎብኚ በሞላበት ዓመት ከነበረው ክብር አንዳች አልጎደለበትም። በአንዱ ዓመት ሊጠበቅ የሚገባው፣ በሌላው ዓመት ሊታረድ የሚችል ያደረገው ምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ፣ መልሱ ከእንስሳው ውስጥ አይገኝም፤ ከሆቴል መዝገብ እንጂ።

ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። በ1970 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ከተመዘገቡት 12 ሥፍራዎች አንዱ ሆነ፤ ከኢትዮጵያ ላሊበላም አብሮ ነበር። ያን ጊዜም ሆነ ከዚያ በፊት ተራራው ባዶ አልነበረም። ገበሬ ነበረበት፤ ገብስ ይዘራበት፣ በግና ፍየል ይግጥበት ነበር። በደርግ ዘመን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከሰሜናዊው ገደል ሥር የነበሩ መንደሮች በኃይል እንዲነሡ ተደረገ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጦርነትም ለእንስሳውም ለሰውም አልበጀም። እ.ኤ.አ. በ1996 የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ሥፍራውን በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ አገባው፤ ከምክንያቶቹ ዋነኞቹ የዋልያው ቁጥር ማነስ፣ የእርሻውና የግጦሹ መስፋፋት፣ በፓርኩ መካከል የሚያልፈው መንገድም ነበሩ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በጥሞና ሊታሰብበት ይገባል። የፓርኩ ወሰን እስከ ራስ ደጀን ድረስ ሰፍቶ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆነ። መንገዱ አቅጣጫውን እንዲለውጥ ተወሰነ። በፓርኩ እምብርት፣ በከፍተኛው አምባ ላይ የነበረው የግጭ መንደር ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ተነሥቶ ከ400 በላይ አባወራዎች በደባርቅ ከተማ ዳር እንዲሰፍሩ ተደረገ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ የሰሜን ተራሮች ስም ከአደጋው መዝገብ ተሰረዘ። ዜናው በደስታ ተነገረ፤ ደስታውም ሐሰት አልነበረም፤ የተጋጠው ሣር ማገገም ጀምሮ ነበርና። ሆኖም ለዚህ ደስታ ማን ምን ያህል እንደ ከፈለ ሒሳቡ ሲሠራ፣ ከሁሉ የከበደው ዕዳ የወደቀው ከሁሉ ጥቂት በተጠቀመው ላይ ነው። ካሣ ተከፍሏል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን በገብስና በከብት የኖረ ገበሬ በአንድ ጀምበር ከተሜ ሲሆን፣ የሚያጣው ነገር በብር ተመንዝሮ የሚያልቅ አይደለም፤ የዝናቡን ጠባይ ማወቁ፣ የአምባውን የግጦሽ ሥፍራ እያንዳንዱን በስሙ መጥራቱ፣ ከሙታኑ መቃብር ጋር መጎራበቱ፣ እነኚህ ሁሉ በደባርቅ ዳር ዋጋ የላቸውም።

ከ12ቱ የመጀመሪያ ቅርሶች መካከል ናሐኒ የሚባል አለ። በካናዳ ሰሜን ምዕራብ፣ ከዋልታው ክበብ በታች በሚገኘው ቀዝቃዛ ምድር ነው፤ ከሰሜን ተራሮች ጋር በአንድ ቀን የተመዘገበ መንትያ ነው ማለት ይቻላል። በዚያም የቀደምት ነዋሪዎች አገር አለ፤ ሕዝቡ ዴኔ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የናሐኒ ፓርክ ብዙ እጥፍ ሲሰፋ ከእነዚሁ ነዋሪዎች ጋር በመመካከር ነበር፤ በፓርኩ ውስጥ እንደ አባቶቻቸው ማደናቸውና ማጥመዳቸውም አልተከለከለም። ጎብኚው ግን ማደን አይችልም። የካናዳ መንግሥት በቀደምት ሕዝቦቹ ላይ የፈጸመው በደል ረጅም ታሪክ ስላለው አርአያ አድርጎ ማቅረብ የዋህነት ይሆናል። ከናሐኒ የሚወሰደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመብት ቅደም ተከተል። ነዋሪው ይቀድማል፣ እንግዳው ይከተላል። በሰሜን ተራሮች ተራው የተገላቢጦሽ ሆኖ ገበሬው ወጥቶ ጎብኚው ገባ።

በዚያው በካናዳ፣ በሐድሰን ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ቸርችል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የመኪና መንገድ አይደርስባትም፤ በባቡር ወይም በአውሮፕላን እንጂ። በጥቅምትና በኅዳር የዋልታ ድቦች ባሕሩ እስኪረጋ ድረስ በዳርቻው ይሰበሰባሉ፤ በበረዶው ላይ ወጥተው የባሕር እንስሳ ማደን ካልቻሉ አይጠግቡምና። ድቦቹን ለማየት ከዓለም ዙሪያ ሰው ይመጣል። ትልልቅ ጎማ የተገጠመላቸው ከፍተኛ ተሽከርካሪዎች የተሠሩት ለዚሁ ሲሆን፣ ብዛታቸው በፈቃድ ተወስኗል፤ የሚሄዱትም በአመዛኙ ድሮ ጦር ሠራዊት ባወጣቸው መንገዶች ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ያ ምድር ከላይ ጥቂት ይቀልጣል እንጂ ከሥር ዘወትር የረጋ ነው፤ የጎማ ጠባሳ ቢደርስበት ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት አይሽርም። የዚህን ሥርዓት ጥንቃቄ የሚያደንቅ ሰው ግን አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባውም። የባሕሩ በረዶ ዘግይቶ እየረጋ፣ ቀድሞ እየቀለጠ ነው፤ የምዕራብ ሐድሰን ድቦችም ቁጥራቸው እየቀነሰ ሄዷል። ለዚህ መንሥኤው የምድር መሞቅ ሲሆን፣ ድቦቹ ከመጥፋታቸው በፊት ልያቸው ብሎ በአውሮፕላን ውቅያኖስ የሚሻገረው ሰው ለመሞቁ የራሱን ድርሻ ያዋጣል። ቸርችል ላይ ከመሬት እንዳይወርድ፣ ድብ እንዳያበላ ይጠነቀቃል፤ ትልቁን ጉዳት ግን ከቤቱ ሲነሣ አድርሷል።

የሰሜን ተራሮችም ከቸርችል ጋር የሚጋሩት ጠባይ አላቸው። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ በሚፈራረቅበት በዚያ ከፍታ ነገር ሁሉ ቀስ ብሎ ያድጋል። ጅብራ ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ከዚያም ይሞታል። በእግር የተረገጠ የጓሳ ሣር እንደ ቆላ ሣር በአንድ ክረምት አያንሠራራም። ጭላዳ ዝንጀሮም ከሰው ጋር ከመላመዱ የተነሣ ጎብኚው በመንጋው መካከል ይቀመጣል፤ ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፣ አደጋም ነው። ከጎብኚው እጅ መብላት የለመደ ዝንጀሮ ነገ ከገበሬው ማሳ ለመብላት አይፈራም፤ ገበሬውም እንደ ጎብኚው ፎቶግራፍ አያነሣውም።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ሰው ለእንስሳ በቀጥታ ግዴታ የለበትም፤ በእንስሳ ላይ የሚጨክን ሰው ግን በሰውም ላይ መጨከንን ይለማመዳልና ለሰብአዊነቱ ሲል ይጠንቀቅ ይል ነበር። ብዙዎች ይህን አስተሳሰብ ጎዶሎ ነው ብለው ነቅፈውታል፤ ነቀፌታውም ተገቢ ነው፤ እንስሳውን የሰው መለማመጃ አድርጎታልና። ነገር ግን ከዛሬው የገበያ አስተሳሰብ ጋር ሲመዛዘን ካንት ይሻላል። ካንት ቢያንስ ዋልያውን ለሰው ልጅ ጠባይ ሲል ይጠብቀዋል፤ ጠባይ ደግሞ ጎብኚ በቀረ ቁጥር የሚቀር ነገር አይደለም። ገበያው የሚጠብቀው ለትርፍ ብቻ ነው። ከዚህ አንፃር የጥበቃው መሠረት ሊሆን የሚገባው የነዋሪውና የእንስሳው አብሮ መኖር ነው፤ ጎብኚው የሚገባው ሁለቱ ከተስማሙበት በኋላ፣ በፈቀዱት ቁጥርና በፈቀዱት ወራት፣ እንደ እንግዳ ነው። እንግዳ ይከበራል፤ ባለቤቱን ከቤቱ አስወጥቶ ግን አይስተናገድም።

ይህ ከአየር ላይ የተቀዳ ምኞት አለመሆኑን መንዝ ያሳያል። የመንዝ ጓሳ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ ነው። የአስቦና የጌራ ተወላጆች ሣሩን ለብዙ ዓመት ዘግተው ያቆዩታል፤ በስምምነት ሲከፍቱት ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለዝናብ ልብስ ያጭዱታል፤ ከብትም ያሰማሩበታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በዚያው ሣር ውስጥ ኖረዋል። ሥርዓቱን ያወጣው ሕዝብ ስለ ቱሪዝም የሰማው ነገር አልነበረም። ሥርዓቱ ፍጹም ነበር ማለት ግን አይደለም፤ ርስት የሌለው ሰው ከሣሩም ድርሻ አልነበረውም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቀሮም አብሮ ፈረሰ፤ ፍትሕ የጎደለውን ሥርዓት ያፈረሰው አዋጅ ሣሩን የሚጠብቅ ሌላ ሥርዓት ወዲያው አልተካለትም ነበርና ጓሳው ተጎዳ። በኋላ ነዋሪው እንደገና ተደራጅቶ ሥፍራው የማኅበረሰብ ጥበቃ ተብሎ ታወቀለት። ዛሬ ወደ ጓሳ የሚሄድ ጎብኚ የነዋሪዎቹ እንግዳ ነው፤ ጎብኚ በጠፋበት ዓመትም ሣሩ ለክዳን ይፈለጋልና የሚጠብቀው ሰው አያጣም።

አቃቂ መንዝ አይደለም። የከተማ ዳር ነው፣ ነዋሪው ከየአገሩ የመጣ ነው፣ አንድ የሚያደርገው የአያት ሥርዓት የለውም። በዚህ ምክንያት ችግሩ በጎብኚ ይፈታል የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአዲስ አበባ የወንዝ ዳርቻ ልማት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ በ56 ኪሎ ሜትር ላይ መናፈሻና የእግረኛ መንገድ እንዲዘረጋ የታቀደ ነው። መናፈሻ መልካም ነው፤ የከተማ ሕፃን ሣር የሚረግጥበት ያስፈልገዋል። ጥንቃቄ የሚያሻው ዳርቻው ለዓይን ሲያምር ውሃው የተጣራ እንዳይመስል ነው። ወንዙ ከአግዳሚ ወንበሩ ሥር አልፎ ቁልቁል ይሄዳል፤ ከአባ ሳሙኤል ወጥቶም አዋሽ ይገባል። ለቆስጣ አልሚው፣ በታች ላለው ከብት አርቢና ከሳይቤሪያ ለመጣው ወፍ የሚበጀው የፋብሪካው ፍሳሽ ከበሩ ሳይወጣ መጣራቱ ነው። ይህ ደግሞ ፎቶግራፍ የማይነሣ፣ ሪባን የማይቆረጥበት ሥራ ነው። ማጣሪያ ለማየት የሚመጣ ጎብኚ የለም።

ከኪነ ጥበብ ሰዎች ዘንድ ደግሞ የሚጠየቅ ነገር አለ። ዋልያ በዚህ አገር ከሥዕልነት አልፎ ምልክት ሆኗል፤ ብሔራዊው የእግር ኳስ ቡድን በስሙ ይጠራል፣ ቢራም በስሙ ይጠመቃል። በስታዲየም ስሙን የሚጠራው ሕዝብ ቁጥር በገደሉ ላይ ከቀሩት ዋልያዎች ጋር አይወዳደርም። ምልክት መሆን እንደማያድን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። የቱሪዝም ድርጅቶች ከጥንት ጀምሮ ያሳተሟቸው ሥዕሎችም፣ የ13 ወር ፀሐይ ተብሎ አገሪቱ ከተዋወቀችበት ዘመን አንሥቶ፣ የሰሜንን ገደል የሚያሳዩት ባዶ አድርገው ነው። ገደል፣ ደመና፣ ቀንዱን ያቀና ዋልያ። ገብስ የሚያጭድ ሰው በሥዕሉ ውስጥ የለም። ሠዓሊው ሰውየውን ከሸራው ያስወጣው መንደሩ ከመነሣቱ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ ነው፤ ሥዕሉን እያየ ያደገ ባለሥልጣንም ሆነ የባሕር ማዶ ባለሙያ ተራራውን በእውን ሲያይ ትርፍ ሆኖ የሚታየው ገበሬው ቢሆን አያስደንቅም።

ሰላም ሲወርድ ጎብኚዎች ወደ ግጭ አምባ ይመለሳሉ። ሣሩ ቤት የነበረበትን ሥፍራ ሸፍኖ ይጠብቃቸዋል፤ የድንጋይ ካብና የድሮ እርሻ መስመር ግን አሁንም ለዓይን ይለያል። ከእነሱ አንዱ ካቡን አይቶ እዚህ ማን ይኖር ነበር ብሎ መንገድ መሪውን መጠየቁ አይቀርም። ከደባርቅ የሚመጣው መንገድ መሪ ከግጭ የተነሡት ሰዎች ልጅ ሊሆን ይችላል። በእጁ የተሰጠው የማስተዋወቂያ ወረቀት ስለ ዋልያ፣ ስለ ጭላዳና ስለ ጅብራ በቂ ይናገራል፤ ስለ ካቡ የሚለው ነገር የለም።